ደስ የሚል ፊልም ቆርጦ አስፈሪ ትሬለር መሥራት፦ ደረጃ በደረጃ

«ምን ኢፌክት ተጠቅመህ ነው?» የቤተሰብ ኮሜዲ ቆርጬ የሆረር ትሬለር ባስመሰልኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ ይሄ ነው። መልሴም ሁሌ አንድ ነው፤ ምንም። ፊልሙ ውስጥ የሌለ ምስል አልጨመርኩም። የቀየርኩት ምን ከምን ቀጥሎ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚሰማና ምን እንደማይታይ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራዬን ያየ ሰው ይህን አይጠይቀኝም ነበር። ምስሉን በሙሉ ቀይ ነክሬው፣ በየ10 ሰከንዱ የሴት ጩኸት ሰክቼበት ነበር። እህቴ አይታ በሳቅ ፈረሰች። ልክ ነበረች። ሰው የሚፈራው የሚያየውን ሳይሆን ይመጣል ብሎ የሚጠብቀውን ነው። ከዚህ በታች ያለው እያንዳንዱ ደረጃ ለዚህ ነው የሚሠራው።

እንዲመቸን አንድ የሌለ ፊልም እናስብ። ቤተሰብ አዲስ ቤት ይገባል። ጎረቤታቸው ደግ ሽማግሌ ናቸው። አሻንጉሊት ይሠራሉ፣ ልጆቹን ያጫውታሉ፣ የተበላሸውን በር ይጠግናሉ። መጨረሻ ላይ ሁሉም በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። እኚህን ሰውዬ ነው እንቅልፍ የሚነሱ የምናደርጋቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የፊልሙ ፋይል፣ ቢያንስ 1080 ፒክስል ጥራት ያለው። ምስሉን አስጠግተን ስለምንቆርጥ ደብዛዛ ፋይል አያዋጣም። 5.1 ኦዲዮ ካለው በጣም ጥሩ፤ ለምን እንደሆነ ደረጃ 4 ላይ ታዩታላችሁ።
- የፊልሙ ሰብታይትል፣ በጽሑፍ ፋይል መልክ።
- የቪዲዮ ማቀናበሪያ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በነፃ የሚገኘው ሥሪት ከበቂ በላይ ነው። ፕሪሚየር ፕሮም ይሁን ሌላ የለመዳችሁትን ተጠቀሙ። በስልክ ማቀናበሪያም ይቻላል፤ ግን የድምፅ ሥራው ያሰለቻችኋል።
- ኦዳሲቲ፣ ወይም ሌላ የድምፅ ማስተካከያ።
- ሄድፎን። የላፕቶፕ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ስለማያሰማ ሳታውቁት ታበዙታላችሁ።
- ጥቂት የድምፅ ፋይሎች፦ ዝቅ ብሎ የሚጎመጉም (ድሮን)፣ እየጨመረ ወደ ላይ የሚወጣ (ራይዘር) እና አንድ ሁለት ከባድ ምት (ሂት)። ለሕዝብ በነፃ የተለቀቁ ሞልተዋል፤ ስታወርዱ ፈቃዳቸውን አንብቡ።
- ሁለት ሦስት ምሽት። በአንድ ቀን የሚያልቅ አይምሰላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት ሁለት ማስጠንቀቂያ

አንደኛ፣ ኮፒራይት። የሰው ፊልም ቆርጦ መለጠፍ እንደየአገሩ ሕግ ይለያያል። ቪዲዮ የሚለጠፍባቸው ድረ ገጾች ደግሞ ሕጉ ምን እንደሚል ሳይጠብቁ፣ ምስሉንና ሙዚቃውን በራሱ የሚለይ ሶፍትዌር አላቸው። «ለቀልድ ነው» ብሎ መጻፍ አያድንም። ለልምምድ ከሆነ የጥበቃ ጊዜው ያለቀ ወይም በክፍት ፈቃድ የወጣ ፊልም ውሰዱ። ለምሳሌ ብሌንደር የተባለውን ነፃ የአኒሜሽን ሶፍትዌር የሚያዘጋጀው ብሌንደር ፋውንዴሽን በ2008 ያወጣው «ቢግ ባክ በኒ» ስለ አንድ ወፍራም ጥንቸል የሚያወራ የ10 ደቂቃ አኒሜሽን ነው። ፈቃዱ የሠሪዎቹን ስም እስከጠቀሳችሁ ድረስ ቆርጣችሁ መልሳችሁ እንድትለቁት ይፈቅዳል። ንግግር ስለሌለው ደረጃ 3ን ትዘላላችሁ፤ ለጀማሪ ግን ምቹ ነው።

ሁለተኛ፣ ብልጭታ። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ ድርግም የሚል ምስል በብርሃን የሚነሳ የሚጥል በሽታ ያለበትን ሰው ሊጥለው ይችላል። ጥቁርና ነጭ እያፈራረቁ ማብለጭለጭ የሆረር ትሬለር ላይ በጣም ያጓጓል። ተዉት። ያለሱም ይሠራል።

ደረጃ 1፦ ማን እንደሚያስፈራ ወስኑ

ምንም ሳትቆርጡ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። የእኛ ይህ ነው፦ «አዲሱ ጎረቤት ልጆቹን ይፈልጋቸዋል።» በቃ። ቤቱም የተረገመ፣ እናትየዋም ያበደች፣ ውሻውም ሰይጣን የሆነበት ትሬለር አትሥሩ። ተመልካች ማንን መጠበቅ እንዳለበት ካላወቀ አይፈራም፤ ግራ ይገባዋል።

አስፈሪውን ስትመርጡ ፊልሙ ውስጥ በጣም ደግ የሆነውን ሰው እዩት። ደግ ሰው ሁሌም ፈገግ ይላል፣ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ልጆችን ይወዳል፣ የሰው ቤት ሰተት ብሎ ይገባል። እነዚህን ሥራዎች ከሙዚቃቸው ነጥላችሁ እዩአቸው። ያስፈራሉ። መጥፎው ገጸ ባሕርይ ግን ብዙ ጊዜ አይሆንም። ኮሜዲ ውስጥ መጥፎ ሰው ጅል ተደርጎ ነው የሚሣለው፤ እንቅስቃሴው ሁሉ ሳቅ ይጠራል።

ደረጃ 2፦ ፊልሙን ድምፁን ዘግታችሁ እዩ

ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ያለ ድምፅ። ታሪኩን እርሱት። ድምፁ እስካለ ድረስ ሙዚቃው «ይሄ ደስ የሚል ነው» እያለ ጆሯችሁ ላይ ይጮኻል፤ ሲዘጋ ምስሉ ብቻውን ይቀራል። ቀልባችሁን የሳበውን ሁሉ ከነደቂቃውና ሰከንዱ መዝግቡ። ለ90 ሰከንድ ትሬለር ከ60 እስከ 80 ቁራጭ መሰብሰብ ይገባል። ሁሉንም አትጠቀሙበትም፤ ምርጫ ሲኖራችሁ ግን ሥራው ይቀላል።

ምን እንፈልግ?

- ዝም ብሎ የሚያይ ፊት። በተለይ ከመሳቁ በፊት ያለችው ግማሽ ሰከንድ። ተዋናይ ሊስቅ ሲል ፊቱ ለአፍታ ባዶ ይሆናል። ይህች ባዶ ፊት ወርቅ ናት።
- የደስታ ጩኸት። ልጆች እየተጫወቱ ሲጮኹና በፍርሃት ሲጮኹ አፋቸው አንድ ነው።
- ሩጫ። ድብብቆሽ የሚጫወት ልጅ የሚያመልጥ ልጅ ነው፤ አልጋ ሥር የተደበቀው ደግሞ አይነገርም። ፊልማችሁ ውስጥ ድብብቆሽ ካለ ግማሹ ሥራ አለቀ ማለት ነው።
- የደስታ እንባ። ልዩነቱን የሚነግረን ከንፈር ነው፤ ከንፈሩን ከቆረጥነው ሐዘን ይሆናል።
- ባዶ ቦታ፦ ኮሪደር፣ ደረጃ፣ የተዘጋ በር፣ ሰው የሌለበት መወዛወዣ።
- እጅ። የበር እጀታ የሚይዝ፣ መሣሪያ የሚያነሳ። የእኛ ሽማግሌ መዶሻ ይይዛሉ። ጉድ ፈላ!
- ከጀርባ የተቀረጸ ሰው። ፊቱ ስለማይታይ የፈለጋችሁትን ሐሳብ ልትሰጡት ትችላላችሁ።

ቁራጮቹን በየዓይነታቸው በየፎልደሩ ክፈሏቸው። ኋላ «አንዲት የምታይ ፊት ነበረችኝ፣ የት ነው ያለችው?» እያላችሁ እንዳትባዝኑ።

ደረጃ 3፦ ሰብታይትሉ ውስጥ ቃል ፈልጉ

ሰብታይትል ተራ ጽሑፍ ነው። በማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ይከፈታል፤ ከእያንዳንዱ ንግግር በላይ ሰዓቱ ተጽፏል። ስለዚህ ሁለት ሰዓት ሙሉ ከማዳመጥ ፍለጋውን ተጠቀሙ፦ «ማታ»፣ «በር»፣ «ማነው»፣ «የት»፣ «አትሂድ»፣ «ብቻ»፣ «ልጆቹ»፣ «ሁልጊዜ»። ሁለት ትርጉም ያለው ዓረፍተ ነገር ይወጣላችኋል። ሽማግሌው ለትንሿ ልጅ «አይዞሽ፣ ሁልጊዜ እዚሁ ነኝ» ይላሉ። እናትየው ስለ ድመቷ «ማታ ማታ ትሰማዋለህ?» ትላለች። አባትየው ቁልፍ ጠፍቶት «ማነው የከፈተው?» ይላል። ፊልሙ ውስጥ እነዚህ ምንም አይደሉም። ጨለማ ኮሪደር ላይ ስናደርጋቸው ግን ልብ ይሰቅላሉ።

ከ5 እስከ 8 አጫጭር ንግግር ይበቃል። አስፈሪው ሰው ራሱ ከሁለት ዓረፍተ ነገር በላይ እንዳይናገር። ብዙ ሲያወራ እንለምደዋለን፤ የለመድነውን ደግሞ አንፈራም።

ንግግር ስትቆርጡ የድምፁን መውረድ አስተውሉ። ሰው ሐሳቡን ሲጨርስ ድምፁ ዝቅ ይላል። መሃል ላይ ከቆረጣችሁት ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ጆሮ ወዲያው ያውቀዋል። እንዲህ ካጋጠማችሁ ወዲያው ምት ወይም የበር ድምፅ አስከትሉና ሸፍኑት። ተዋናዩ ያላለውን ቃል ግን በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ድምፁን አስመስላችሁ አታስብሉት። የዚህ ሥራ ደስታው ባለው ነገር መሥራት ነው፤ ደግሞም የሰው ድምፅ መስረቅ ጣጣ አለው።

ደረጃ 4፦ ፋይሉን አዘጋጁ

አሰልቺ ነው፤ ግን አትዝለሉት። አንድ ጊዜ ዘልዬው ሁለት ምሽት ውሃ በላኝ። ፋይሉ የፍሬም ፍጥነቱ (በሰከንድ የሚያሳየው የምስል ብዛት) የሚለዋወጥ ነበር፤ ታይምላይኑ (ቁራጮቹ የሚደረደሩበት መስመር) መጨረሻ አካባቢ ንግግሩ ከአፍ ጋር አልገጥም አለኝ። ከስክሪን የተቀዳ ፋይል ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው። መፍትሔው ሃንድብሬክ በሚባለው ነፃ የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት መቀየር ነው። የታይምላይናችሁን ፍጥነት ደግሞ ከፊልሙ ጋር እኩል አድርጉት፤ ፊልሙ በሰከንድ 24 ፍሬም ከሆነ እናንተም 24።

ቀጥሎ ንግግሩን ከሙዚቃው ለዩ። ይህ ካልሆነ የኮሜዲው ዜማ ከየንግግሩ ሥር እያፏጨ ሥራችሁን ያጋልጣል። 5.1 ኦዲዮ ስድስት ቻናል አለው፤ ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው መሃለኛው ቻናል ላይ ነው። ሌሎቹን ስትዘጉ ንግግሩ ብቻውን ይቀራል። ፋይላችሁ ስቴሪዮ ብቻ ከሆነ እንደ አልቲሜት ቮካል ሪሙቨር ያሉ ድምፅ ለዪ ፕሮግራሞች አሉ። ፍጹም አይደሉም፤ ድምፁን ትንሽ ውሃ ውስጥ ያለ ያስመስሉታል። አይጨነቁ፤ ላዩ ላይ ጉምጉምታ ስለምናለብሰው አይታወቅም።

ደረጃ 5፦ መጀመሪያ በድምፅ ብቻ ሥሩ

እዚህ ላይ ነው ጀማሪውና የለመደው የሚለያዩት። ጀማሪ ምስል ደርድሮ ሲያበቃ ሙዚቃ ይጨምራል። እናንተ ምስሉን አቆዩትና 90 ሰከንድ ድምፅ ሥሩ። ዓይን ጨፍነው ሲሰሙት የማያስፈራ ትሬለር ዓይን ተከፍቶም አያስፈራም።

የጊዜ ክፍፍሉ በግምት ይህን ይመስላል፦

- ከ0 እስከ 25 ሰከንድ፦ ሰላም። የፊልሙ ደስታ እንዳለ። አዲስ ቤት፣ ሳቅ፣ «እንኳን ደህና መጣችሁ»።
- ከ25 እስከ 50፦ አንድ ነገር ልክ አይደለም። ሙዚቃው ይቆማል። ጥያቄዎች ይጀምራሉ።
- ከ50 እስከ 78፦ መጣደፍ።
- ከ78 እስከ 80፦ ዝምታ።
- ከ80 እስከ 90፦ የፊልሙ ስም፣ ከዚያ አንዲት የመጨረሻ ድንጋጤ።

የመጀመሪያው 25 ሰከንድ ረጅም መስሏችሁ አታሳጥሩት። ሰላሙን ያላየ ተመልካች ሲሰበር አይሰማውም።

አሁን ድምፁን በንብርብር እንሥራው።

ወለሉ ጉምጉምታው ነው። ከ40 እስከ 60 ኸርዝ አካባቢ ያለ ወፍራም ድምፅ፣ በጣም ዝቅ አድርጋችሁ፣ ከ20ኛው ሰከንድ ጀምሮ ሳይታወቅ አስገቡት። ተመልካቹ መጀመሩን ልብ አይለውም፤ ደረቱ ግን ይሰማዋል። አንድ ችግር አለ። የስልክ ስፒከር ይህን ድምፅ ጨርሶ አያወጣውም። ብዙ ሰው ደግሞ በስልክ ነው የሚያየው። ስለዚህ ያንኑ ድምፅ ቅጂ ወስዳችሁ ሁለት ኦክታቭ ከፍ አድርጉና (ኸርዙ አራት እጥፍ ይሆናል) በስሱ ደርቡበት።

ከላዩ ዜማ። ከሁሉ የሚያምረው የፊልሙን የራሱን ደስ የሚል ዜማ ማበላሸት ነው። ፍጥነቱን በግማሽ ስትቀንሱት፣ የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት (ፒች) እንዳይለወጥ የሚይዘውን ማስተካከያ ካጠፋችሁ፣ አንድ ኦክታቭ ይወርዳል። ትንሽ የገደል ማሚቶ ስትጨምሩበት ያው የልደት ሙዚቃ የቀብር ይሆናል። ልትለጥፉት ከሆነ ግን አስቡበት፤ ሙዚቃ አነፍናፊው ሶፍትዌር ቶሎ ከሚይዛቸው ነገሮች አንዱ ነው። አማራጩ ባለቤት የሌለው የቆየ እሹሩሩ መርጦ ራስን በማንጎራጎር መቅዳት ነው። በድካም የተንጎራጎረ እሹሩሩ ከየትኛውም ኦርኬስትራ ይበልጥ ያስፈራል። ድምፃችሁ ባያምር እንኳ ደህና ነው፤ እንዲያውም ይመረጣል።

ከዚያ የልብ ምቱ፤ የትሬለሩ ማለቴ ነው። ሁሉም ሰው የልብ ምት ድምፅ ይጠቀማል፤ ሰልችቶናል። ከፊልሙ ውስጥ፣ ከአስፈሪው ሰው ጋር የተያያዘ ድምፅ ፈልጉ። እኛ መዶሻ አለን። «ጠቅ።» መጀመሪያ በሁለት ሰከንድ አንዴ። በሁለተኛው ክፍል በሰከንድ አንዴ። በመጣደፉ ላይ በሰከንድ ሁለቴ። ሽማግሌው ባይታዩም መዶሻው ካለ አሉ ማለት ነው። ተመልካቹ ይህን ማንም ሳይነግረው ይማራል፤ ከዚያ በኋላ ጥቁር ስክሪን ላይ አንድ «ጠቅ» ብቻዋን ልታስደነግጠው ትችላለች።

አንድ ትንሽ ዘዴ ልጨምር። ከንግግሩ አንዱን፣ «ሁልጊዜ እዚሁ ነኝ» የሚለውን፣ ወደ ኋላ ገልብጡት። የገደል ማሚቶ ጨምሩና እንደገና ገልብጡት። ማሚቶው ከቃሉ በፊት እየጨመረ ይመጣል፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ይደርሳል። አንዴ ብቻ ተጠቀሙበት።

ደረጃ 6፦ ምስሉን በድምፁ ላይ አስቀምጡ

ዋናው ሕግ፦ የሚያይ ፊት፣ ከዚያ የሚታየው ነገር፣ ከዚያ ያው ፊት። ልጅቷ በመስኮት ታያለች። ሽማግሌው ግቢያቸው ውስጥ ቆመዋል። ልጅቷ አሁንም ታያለች። ሁለቱ ምስሎች ፊልሙ ውስጥ 40 ደቂቃ ሊራራቁ ይችላሉ፤ ልጅቷ የምታየው የአይስክሬም መኪና ሊሆን ይችላል። ተመልካቹ ግን ያያይዛቸዋል። የፊልም ተማሪዎች በሩሲያዊው የፊልም ዳይሬክተር ስም የኩሌሾቭ ኢፌክት ይሉታል፤ ያው አንድ ፊት ከሾርባ ጋር ሲቀርብ የተራበ፣ ከሬሳ ሣጥን ጋር ሲቀርብ ያዘነ ይመስላል። ምን ኢፌክት ተጠቀምክ ካላችሁኝ እንግዲህ ይሄ ነው።

የዓይን አቅጣጫ መግጠም አለበት። ልጅቷ ወደ ቀኝ ካየች ሽማግሌው ወደ ግራ ዞረው ቢቆሙ ይተያያሉ። ሁለቱም ወደ አንድ ጎን ካዩ አይገናኙም። ካልገጠመ አንዱን ምስል አግድም ገልብጡት፤ ከመገልበጣችሁ በፊት ግን ጽሑፍ ያለበት ልብስ ወይም ሰሌዳ አለመኖሩን አረጋግጡ።

የቁራጮቹ ርዝመት እንዲህ ይሁን። በሰላሙ ክፍል ከ3 እስከ 5 ሰከንድ። በሁለተኛው 2 ሰከንድ ገደማ። በመጣደፉ ከ1 ሰከንድ ጀምራችሁ እስከ 8 ፍሬም ውረዱ፤ በ24 ፍሬም ሂሳብ የሰከንድ ሲሶ ነው። ሲያጥር ዓይን ለማጣራት ጊዜ አያገኝም፤ የልደት ኬክ ላይ የሚነፋው ልጅ የሚጮኽ ልጅ ይመስላል። ግን በመሃል አንዲት 2 ሰከንድ የምትቆይ ምስል ጣል አድርጉ። ሁሉም ሲፈጥን ፍጥነቱ ራሱ ይለመዳል።

የሚቀጥለው ምስል ድምፅ ከምስሉ 10 ወይም 12 ፍሬም ቀድሞ ይግባ። በሩ ሲንቋቋ እንሰማለን፣ ከዚያ በሩን እናያለን። ያቺ ቅጽበት ተመልካቹ ራሱን የሚያስፈራባት ናት።

ምስል ማዘግየት ካስፈለገ ፍጥነቱን ከ100 ወደ 70 በመቶ ማውረድ ይበቃል። በሰከንድ 24 ፍሬም የተቀረጸ ምስል በግማሽ ሲዘገይ ይንቀጠቀጣል። ፕሮግራማችሁ የጎደለውን ፍሬም ፈጥሮ ቢሞላም የእጅና የፀጉር ጠርዝ ይቀልጣል። ከማዘግየት ይልቅ ወደ ኋላ ማጫወትን ሞክሩ። ወደ ኋላ የሚራመድ ሰው ለ2 ሰከንድ ሲታይ ሰውነቱ የሆነ ነገር እንደጎደለው ይሰማናል፤ ምን እንደሆነ ግን ማወቅ አንችልም።

ደረጃ 7፦ ዝምታውና የመጨረሻዋ ድንጋጤ

መጣደፉ ጣራ ሲነካ ሁሉንም ቁረጡ። ጥቁር። ሁለት ሰከንድ። ሙሉ በሙሉ ባዶ አታድርጉት፤ ተመልካቹ ኢንተርኔቱ የተቋረጠ ይመስለውና ስልኩን ይነካካል። በጣም ስስ የባዶ ክፍል ድምፅ ወይም አንድ ትንፋሽ ተዉለት። ከዚያ የፊልሙ ስም።

ስሙ ከመጣ በኋላ ሰው «አለቀ» ብሎ ይተነፍሳል። ያኔ ነው አንድ ቁራጭ የምትሰጡት። ትልቅ ጩኸት አይደለም። የእኛ ይህ ነው፦ ትንሿ ልጅ አሻንጉሊቱን ይዛ «እሳቸው ናቸው የሰጡኝ» ትላለች፤ ከጀርባዋ በሩ ክፍት ነው። «ጠቅ።» ጥቁር።

ደረጃ 8፦ ጽሑፍ

ከ3 እስከ 5 ካርድ፣ እያንዳንዱ ከ2 እስከ 4 ቃል፣ 2 ሰከንድ ያህል የሚቆይ። ነጭ ጽሑፍ በጥቁር ላይ፣ ቀጭን ፊደል፣ በፊደሎቹ መካከል ክፍተት። ደም የሚያንጠባጥብ ፊደል ቀልድ መሆኑን ገና ሳይጀመር ይናገራል። «አዲስ ቤት።» «ደግ ጎረቤት።» «ሳይጠሩት ይመጣል።» ዓረፍተ ነገሩ አስፈሪ ቃል ባይኖርበት ይሻላል፤ «ሞት» እና «ደም» ለማይተማመን ሰው ናቸው። የፊልሙን ስም አትቀይሩት። ያው የልጆች ፊልም ስም በዚያ ፊደል ሲመጣ ነው ነገሩ የሚጣፍጠው።

ደረጃ 9፦ ቀለምና ክርከማ

የቀለሙን ድምቀት (ሳቹሬሽን) ከ100 ወደ 60 ወይም 70 ቀንሱ። ሙቀቱን ወደ ሰማያዊ ወይም ትንሽ ወደ አረንጓዴ ግፉት። ብርሃኑን አውርዱ፤ ጥቁሩ ውስጥ ግን አሁንም የሆነ ነገር ይታይ። ዓይን ጨለማ ውስጥ የሚፈልገው ነገር ካላገኘ መፈለጉን ያቆማል። ለውጡ ቀስ ይበል። የሰላሙ ክፍል የፊልሙን ቀለም ይያዝ፣ ከ25ኛው ሰከንድ በኋላ እየደበዘዘ ይሂድ።

ክርከማው ግን ከቀለሙ ይበልጣል። ፈገግታ የሚያበላሽባችሁን ምስል አስጠግታችሁ ከአፍንጫ በላይ ብቻ አስቀሩ። ፊልሙ ስክሪኑን የሚሞላ ከሆነ ከላይና ከታች ጥቁር ሰረዝ ጨምሩ፤ በ1920 በ1080 ምስል ላይ እያንዳንዱ 138 ፒክስል ሲሆን የሲኒማ ቅርጽ ይወጣል። ምስሉን ከሰረዞቹ ሥር ወደ ላይና ወደ ታች ስለምታንሸራትቱት የማይፈለገውን መደበቂያ ይሆናችኋል። ዝም ያለ ምስል ካላችሁ ደግሞ በ4 ሰከንድ ውስጥ ከ100 ወደ 107 በመቶ ቀስ ብላችሁ አስጠጉት። መቅረቡ አይታወቅም፤ የሆነ ነገር እየመጣ እንደሆነ ግን ይሰማል።

ደረጃ 10፦ ድምፁን አመጣጥኑና አውጡ

ንግግሩ ከሁሉ በላይ ይሰማ። ከፍተኛው ምት ከዜሮ ዴሲቤል በታች 1 ላይ ይቁም፤ ዜሮን ካለፈ ይሰነጠቃል። ሁሉንም ነገር ከፍ አድርጋችሁ ከጀመራችሁ ድንጋጤዋ የምትወጣበት ቦታ አይኖራትም። ስለዚህ ጩኸት ከመጨመር በፊቱ ያለውን አውርዱ። ከዚያ በሄድፎን፣ በስልክና በላፕቶፕ ስሙት። ለኤክስፖርት (ያለቀውን ፋይል ስታወጡ) ኤች 264 የሚባለው የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት፣ 1080 ፒክስል፣ ከ10 እስከ 15 ሜጋቢት በሰከንድ፣ ድምፁ 48 ኪሎኸርዝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

*በጣም ብዙ ማስደንገጥ።* በ90 ሰከንድ ሁለት ድንጋጤ ይበቃል። ሦስተኛው ላይ ሰው መሳቅ ይጀምራል።

*አስፈሪውን ቶሎ ማሳየት።* ሽማግሌው እስከ 25ኛው ሰከንድ ድረስ ደግ ብቻ ይሁኑ። ፊታቸው በቅርበት የሚታየው አንዴ ብቻ፣ ያውም ወደ መጨረሻው።

*ከሌላ ሆረር ፊልም ምስል መዋስ።* የካሜራው ጥራት፣ የብርሃኑ ዓይነት አይገጥምም፤ ያወቀው ሰው ደግሞ ወዲያው ይለየዋል። ጨዋታው ፈረሰ።

*ሁሉንም የተሰበሰበ ቁራጭ ለመጠቀም መሞከር።* ያማል፣ አውቃለሁ። ያቺ በጣም የወደዳችኋት ምስል ደረጃ 1 ላይ ከጻፋችሁት ዓረፍተ ነገር ጋር ካልሄደች አውጧት።

*ራስን ማመን።* አንድን ትሬለር 200 ጊዜ ያየ ሰው ማስፈራት አለማስፈራቱን አያውቅም። ፊልሙን ያላየ አንድ ሰው፣ ያየው ደግሞ ሌላ አንድ ሰው ፈልጉ። ምን እንደሆነ ሳትነግሯቸው አሳዩአቸው። ስክሪኑን ሳይሆን ፊታቸውን ተመልከቱ። ያላየው ሰው በቁም ነገር «መቼ ነው የሚወጣው?» ካለ፣ ያየው ደግሞ ስሙ ሲመጣ ከሳቀ፣ ልክ ናችሁ። ያላየው ሰው መሃል ላይ ፈገግ ካለ ሰከንዱን መዝግቡ። እዚያች ቦታ ላይ ወይ ያልተቆረጠ ከንፈር፣ ወይ ከንግግር ሥር የቀረች የኮሜዲ ዜማ አለች። ተመልሳችሁ እሷን ብቻ አስተካክሉ፤ ሌላውን አትንኩ።